ድመቷን ከማጽናናታችሁ በፊት አበጥሯት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት የቤት እንስሳት ገጻችሁ ላይ አንዲት አንባቢ ድመቷ የገዛ ፀጉሯን እየነቀለች ሆዷ መላጣ እንደቀረ ጽፋ ምክር ጠይቃ ነበር። መልሳችሁ አጭር ነው። «ድመትሽ ተጨንቃለች፤ ፍቅር ስጫት፣ አጫውቻት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አንባቢ የላከውን ዘዴ አትማችኋል፦ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሮ ማሸት። የመጀመሪያው ምክር ድመቷን አይፈውሳትም። ሁለተኛው ሊገድላት ይችላል። በዝምታ ላልፈው ነበር። በማግስቱ ግን አንዲት ጎረቤቴ ጋዜጣውን ይዛ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ነጭ ጋዝ አሁን የት ይገኛል?» አለችኝ። እስክሪብቶ ያነሳሁት ያኔ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው አርሲና ባሌ ውስጥ ከከብት ኋላ ነው። ደስታ በሚባለው የከብት በሽታ ክትባት ዘመቻ በበቅሎ ሸንተረር ለሸንተረር ከዞሩት አንዱ ነኝ። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ከድመት ጋር በቅጡ የተዋወቅነው ግን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላ ነው። እዚህ ላም የለም፣ በሬ የለም። ድመት ግን በየፎቁ አለ። አንድ ቀን የአንዱን ጎረቤት ድመት ጆሮ አየሁለት። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ስሜ «ዶክተር» ሆኗል። አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ። ከአቅሜ በላይ የሆነውን ቢሾፍቱ ላሉ የድሮ ባልደረቦቼ ደውዬ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ከምላሱ ልጀምር። ድመት እጃችሁን ልሳችሁ የምታውቅ ከሆነ ይቧጥጣል አይደል? ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ጥፍር ከተሠራበት ነገር የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የእነዚህ እሾሆች ጫፍ ጎድጎድ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ምራቅ ቀድተው ፀጉሩን አልፈው ቆዳዋ ድረስ ያደርሳሉ። ማበጠሪያዋም መታጠቢያዋም አፏ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድመት ራሷን ስትልስ ብትውል ጤና ነው፣ ማንም አይደንግጥ።

ጉዱ የሚመጣው የሚያሳክካት ወይም የሚያማት ነገር ሲኖር ነው። ላም ሲያሳክካት ሄዳ ግንድ ትታከካለች። ድመት ምላሷን ነው የምታውቀው። ያንኑ ቦታ ደጋግማ ስትልሰው ምላሱ ሞረድ ይሆንና ፀጉሩን ይቆርጠዋል። አንዳንዷ ደግሞ በፊት ጥርሶቿ ቆንጥጣ በጭብጥ ትነቅለዋለች። ምንጣፉ ላይ ያን ጭብጥ ስታዩ ሰው የነቀለው ነው የሚመስለው።

ባለቤቶቹ ታዲያ «ዝም ብሎ ረገፈ እንጂ ስትነቅል አላየናትም» ይሉኛል። አያዩዋትም። ድመት ይህን ሥራዋን ብዙ ጊዜ የምትሠራው ተደብቃ ነው፤ አልጋ ሥር ሆና፣ ወይ ሌሊት ሰው ሲተኛ። መርገፉንና መነቀሉን በጣት መለየት ይቻላል። ከመላጣው ቦታ ላይ ጣታችሁን ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። የሚኮሰኩስ ቁራጭ ፀጉር ከነካችሁ የቆረጠችው ራሷ ናት። ሐኪም ቤት ጥቂት ፀጉር ወስደው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ ያልተነካ ፀጉር ጫፉ እየቀጠነ ያልቃል፣ የተላሰው ጫፉ የተሰበረ ነው። ኩሷ ወይም ትውከቷ በፀጉር ከተሞላም ያው ነው። ፀጉሩ በጥቂቱ ስትስቡት ያለ ችግር ከሥሩ ተነቅሎ የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ የውስጥ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ቁንጫ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይቀየመኛል። ድመቷን ታቅፎ የመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ «የኛ ድመት ቁንጫ የላትም» ነው። ቤቴን አቆሸሽከው ያልኩት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የሚያሳክካት ድመት ስትልስ ቁንጫውን እየለቀመች ስለምትውጠው ገላዋ ላይ አንድም ላታገኙ ትችላላችሁ። (በነገራችን ላይ የኮሶ ዘመድ የሆነ የድመት ትል የሚገባባት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቁንጫውን ስትውጥ።) ደግሞ የቁንጫው ብዛት አይደለም ቁም ነገሩ። ብዙ ድመቶች ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ አለባቸው። ጥቂት ንክሻ ይበቃቸዋል፤ ማሳከኩ ቁንጫው ከሞተ በኋላም ይቆያል። አንድ ቤት ሦስት ድመት እያለ አንዷ ብቻ የምትመለጠው ለዚህ ነው። ሦስቱም ተነክሰዋል፣ ቆዳዋ የተቆጣው ግን አንዷ ናት።

ቦታውም ራሱ ይናገራል። የጭራዋ ሥር፣ ወገቧ፣ የኋላ ጭኖቿ ውስጥ፣ ሆዷ። አንገቷንና ጀርባዋን ስትዳብሱ ጥቃቅን ቅርፊት እጃችሁን ከነካው ጥርጣሬው ይብሳል።

ማረጋገጫው የሳንቲም ወጪ የለውም። ጥርሱ የጠበበውን የቅማል ማበጠሪያ ያዙ። ነጭ ሶፍት በውኃ አርጥባችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ድመቷን ከወገቧ እስከ ጭራዋ ሥር አበጥሯትና የወጣውን ሁሉ ሶፍቱ ላይ አራግፉት። ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። ትንሽ ታገሡ። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ነጥቡ ዙሪያውን ቀይ ቡናማ እያደረገ ሶፍቱ ላይ ከተሰራጨ ግን የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም የድመቷ የራሷ ደም ተፈጭቶ የወጣ። ይህን አይቶ የሚከራከረኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የአራተኛ ፎቋን እናት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ልጃቸው ለሥራ ዱባይ ሄዳለች። የሄደች ዕለት እናት የልጅቷን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ድመቷ የልጅቷ ነበረች። ወራት አልፎ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ተከፈተ። ድመቷ ሮጣ ገብታ አልጋው ላይ ከተነጠፈው አጎዛ ላይ ተኛች፤ ከዚያ ወዲያ ከዚያ አልነሳም አለች። ብዙም ሳይቆይ የሆዷና የጭኖቿ ፀጉር አለቀ። እናት በእርግጠኝነት ተናገሩ። «ሽታዋን አግኝታ ነው። እንደኔ አንጀቷ ተቃጥሎ ነው።» እያለቀሱ ነው የሚነግሩኝ። ምን ልበል? ሰውዬው ቁንጫ ቁንጫ አለ እንዳይሉኝ ዝም ብዬ ማበጠሪያዬን አወጣሁ። ሶፍቱ ቀላ።

የተቆለፈው ክፍል ነው ሚስጥሩ። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከድመቷ ላይ ተንሸራቶ ምንጣፍ ላይ፣ አጎዛ ውስጥ፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል። ትሉ ደግሞ ራሱን በድር ጠቅልሎ ይተኛል። ቤቱ ባዶ ከሆነ በዚያ ድር ውስጥ ወራት መቆየት ይችላል። ሙቀት ሲሰማው፣ የሰው ወይም የእንስሳ እርምጃ ሲያንቀጠቅጠው፣ ትንፋሽ ሲደርሰው ነው ወጥቶ የሚዘለው። እንግዲህ አስቡት። ክፍሉ ተከፈተ፣ ሰው ገባ፣ ሞቃት ድመት አጎዛው ላይ ተጋደመች። ወራት ሙሉ የተራበ ሁሉ ተነሣባት።

አጎዛው ደጅ ወጥቶ በደንብ ተራገፈ፣ ፀሐይም ተሰጣ። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ የትራሱ ልብስ በፈላ ውኃ ታጠበ። የአልጋው ሥርና የወለሉ ጠርዝ በየቀኑ ተጠረገ፤ ጥራጊውም በፌስታል ታስሮ ወጣ። ሐኪም ለድመት ተብሎ የተሠራ፣ አንገቷ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘላት፤ በየወሩ፣ ለተከታታይ ወራት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ያደርግና «አልሠራም» ይላል። ከቁንጫው ዘር አብዛኛው ያለው ድመቷ ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ነው፤ እሱ ተራ በተራ እየወጣ እስኪያልቅ መድገም ግድ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ ካለም አብሮ ይታከማል። የዚያች ድመት ፀጉር ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጅቷ ግን ከዱባይ በኢሞ ደውላ «ታዲያ አልናፈቅኳትም ማለት ነው?» ብላ እኔን ተቀየመችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ነጭ ጋዙ ልናገር። ድመት ላይ የቀባችሁት ነገር ሁሉ መጨረሻው ሆዷ ነው። ትልሰዋለች። ጋዝ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ስትልሰው አፏንና ጉሮሮዋን ያቆስላል፣ ሳንባዋ ከገባም የሳንባ ቁስለት ያመጣል። ሌላም አለ። ዲያዚኖን ለበግና ለከብት መዥገር የሚረጭ ነው። መድኃኒት ቤት በቀላሉ ስለሚገኝ ቁንጫም ይገድላል ብለው ድመት የሚያጥቡበት አሉ። ምራቋ እየተዝረከረከ፣ እየተንቀጠቀጠች ነው የምትሞተው። ለውሻ የሚሸጠው የቁንጫ ጠብታም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ውሻ አብላልቶ ማስወገድ አይችልም። ውሻውን የጠቀመ ጠብታ ድመቷን በመናወጥ ይጥላታል። ፓራሲታሞልም ያው ነው። «አሟታል መሰለኝ» ብሎ አንድ ፍሬ መስጠት ሊገድላት ይበቃል።

አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይና የትል መድኃኒት ደግሞ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ከብት ወግቼበታለሁ። የከብቱ መርፌ የተሠራው 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ክብደት ተብሎ ነው። ድመት 3 ወይም 4 ኪሎ ናት። ያንን ጠርሙስ ይዞ በዓይን ግምት የሚወጋ ሰው ምን ያህል እንደሚያበዛ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ግልገል ከሆነችማ አይነሣ።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የጋዙን ምክር በሚቀጥለው እትም አስተካክሉ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን።

ቁንጫ ሳይሆን ሲቀር ምግብ ይመረመራል። የአዲስ አበባ ድመት ምን እንደምትበላ እናውቃለን። እንጀራ በወጥ፣ ከልኳንዳ የመጣ ሳንባ፣ ሲገኝ የአጥንት ትራፊ። ድመትን በምግብ አለርጂ የሚያስቸግሩት ብዙውን ጊዜ የበሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ናቸው። የግድ አዲስ የጀመረችው ምግብ ላይሆን ይችላል። ለዓመታት የበላችው ሊሆን ይችላል። ይህ አለርጂ ብዙ ጊዜ ፊቷንና አንገቷን ያሳክካል፤ ሆዷንም ልትልጥ ትችላለች። ወቅት አይመርጥም፣ ክረምት ከበጋ ነው።

ይህን በአካል ያየሁት በሁዳዴ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለ አንድ ቤተሰብ ድመት አለው፤ ጆሮዋ ሥርና አንገቷ ሁልጊዜ የተላጠ። ጾሙ ገባ፣ የሰፈሩ ልኳንዳ ተዘጋ፣ ሳንባው ቀረ። እነሱ ይጾማሉ፤ ለእሷ ግን እንቁላል እየቀቀሉ ይሰጧታል። የቀረውን እሷው ታድናለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ። ለትንሣኤ ስትታይ አንገቷ ለምልሟል። ቤተሰቡ የጾሙ በረከት ነው አለ። በዓሉ ገባ፣ በሬ ታረደ፣ ሳንባው ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ መቧጨሯን ጀመረች። የእንስሳት ሐኪሞች የምግብ አለርጂን የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ በፊት በልታው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ስምንት ሳምንት ያህል ይሰጧታል፣ ከዚያ የድሮውን መልሰው ያያሉ። ሁዳዴም 55 ቀን ነው። ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ቢቀረው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሳያውቁት ሙከራውን ሠርተው ጨረሱት። አሁን ያቺ ድመት የፍየል ሥጋ ነው የምትበላው። ከቤተሰቡ የተሻለ ትበላለች ብለው ይስቃሉ።

ብቻ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «እኛ ስንጾም እሷም ትጹም» የሚል ቤት አለ። ድመት ሥጋ በል ናት። ሥጋ ውስጥ ያለው ታውሪን የሚባል ነገር ከጎደለባት ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧ ይደክማል። ሽሮ ለእሷ ምግብ አይደለም።

ስለ ጭርት አጭር ልበል። እሱም ፀጉር ያስረግፋል። ብዙ ጊዜ ክብ ክብ እያለ ነው፤ ፊት ላይ፣ ጆሮ ላይ፣ እግር ላይ። ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ በተለይ ወደ ልጆች፣ ልጁ ክንዱ ላይ ክብ ቁስል ካወጣ ድመቷም ትመርመር። በዓይን የማይታዩ የእከክ ተባዮችም አሉ። እነዚህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ከቆዳዋ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያል።

አሁን የምነግራችሁን ግን በጥሞና ስሙኝ። ድመቷ የምትልሰው ሰፊ ቦታ ሳይሆን ከሆዷ በታች፣ ከፊኛዋ በላይ ያለውን ብቻ ከሆነ ሕመም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሰው የሚያመውን ሆዱን ይይዝ የለ? እሷ ትልሰዋለች። የሽንት ፊኛ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት መጸዳጃ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ ጠብ የሚል ነገር ካጣ፣ እያማጠ ከጮኸ፣ ነገ አትበሉ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። ካልተከፈተለት በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰው ሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት እያጠጣ ያሳድረዋል። ያረጀች ድመት አንድ መገጣጠሚያዋን ደጋግማ ስትልስም ያው የሕመም ነገር ነው።

ታዲያ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም ወይ? አለ። እኔ የምለው መልሱ ከእሱ አይጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። «ከጭንቀት የተነሣ ነው ፀጉሯን የምትነቅለው» ተብለው የተላኩ 21 ድመቶችን ወስደው አንድ በአንድ መረመሯቸው። ቆዳቸውን፣ ምግባቸውን፣ ተባዩን፣ ሁሉን። 16ቱ የታወቀ የአካል ሕመም ነበረባቸው፤ አብዛኛው አለርጂ። 3ቱ ሕመሙም ጭንቀቱም ነበራቸው። ንጹሕ የጭንቀት የነበሩት 2 ብቻ ናቸው። ይህን ያነበበልኝ የቢሾፍቱው ባልደረባዬ ነው። በየጊዜው ለሚከራከረኝ ሰው እጠቅሰዋለሁ።

ከእነዚያ ንጹሕ የጭንቀት ከሆኑት ሁለቱ ወገን የምትሆን ድመት እኛም ግቢ አለች። ባለቤቶቿ ካዛንቺስ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። እዚያ ግቢ ነበራት፣ ዛፍ ነበራት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነበር የምትውለው። እዚህ አንድ ክፍል ናት፤ በሩ ይዘጋባታል። አሸዋዋ ከምግቧ ጎን ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ የማታውቀው ወንድ ድመት መጥቶ ይፎክራል። ማበጠሪያው ምንም አላወጣም፣ ሐኪሙ ቆዳዋን ፍቆ ምንም አላገኘም፣ ምግቧ ተለውጦም ለውጥ አልነበረም። ያኔ ነው «አሁን ስለ ጭንቀት እናውራ» ያልነው። ቁምሳጥን አናት ላይ አሮጌ ጋቢ ተነጠፈላት። መደበቂያ ካርቶን ተሰጣት። አሸዋዋ ከምግቧ ራቀ። መስኮቱ ግማሹ በወረቀት ተሸፈነ። የቤቱ ልጅ ማታ ማታ ክር እየጎተተ ያሯሩጣታል። ሙሉ በሙሉ ተወች አልልም። ሆዷ ላይ ግን ፀጉር አለ።

ያልሠራውም ይነገር። መጀመሪያ ስትልስ ባዩዋት ቁጥር ይጮኹባት ነበር። ያኔ አልጋ ሥር ገብታ ይበልጥ ነቀለችው። አያቲቱ ደግሞ ዓይን በልቷታል ብለው አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስረውላት ነበር። ክሩን በምላሷ ስትጎትት ውላ አንገቷንም ላጠችው።

ስለ መርፌም አንድ ነገር። አንዳንድ ቦታ ድመቷ እንደገባች የስቴሮይድ መርፌ ተወግታ ትመለሳለች። ማሳከኩ ይተኛል። ባለቤቱ «እጁ መድኃኒት ነው» ብሎ ይሄዳል። መርፌው ሲያልቅ ማሳከኩ ይመለሳል፤ ቁንጫው የት ሄዶ? መርፌው ክፉ ነው አልልም፣ ቆዳዋ ለቆሰለ እፎይታ ነው። በየጊዜው ሲደጋገም ግን ለስኳር በሽታ ሊዳርጋት ይችላል። ምክንያቱ ሳይፈለግ መርፌው ብቻ ከተደጋገመ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በዋዜማው አታጥቧት። ገላዋ ላይ ያለው ማስረጃ ነው፣ በውኃ አይሂድ። የነቀለችውን ፀጉር በፌስታል ያዙ። ሶፍቱንም አጣጥፋችሁ ውሰዱ። ስትልስ በስልክ ቪዲዮ ቅረጿት፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትወጣ ፈርታ ስለምትደነዝዝ አትልስም። የምትበላውን ሁሉ፣ ልጆቹ ከጠረጴዛ የሚጥሉላትን ጭምር፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። የቀባችሁት ነገር ካለ፣ ጋዝም ቢሆን፣ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሕክምናው ይለወጣል። አቅሙ ያላችሁ፣ ነገሩ የከበደባችሁ፣ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ድመቷን ግን በካርቶን ውስጥ አየር ማስገቢያ በስታችሁ ያዟት። ባለፈው አንዱ ጎረቤቴ በማዳበሪያ ከረጢት ይዟት ሚኒባስ ገብቶ፣ ቃሊቲ ሳይደርሱ ከረጢቱን በጥሳ የሾፌሩ ትከሻ ላይ ወጥታበታለች።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከጀሞ